ክታቡን አልጣልኩትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ ነርስ። ጋዜጣችሁን ገብርኤል አካባቢ ከሚቆመው አዟሪ እገዛለሁ። ካለቀበት ደግሞ ጎረቤቴ አንብበው ሲጨርሱ እዋሳለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፤ መጨረሻውን ግን አደራ፣ እንዳትነኩት።

ባለፈው ሰሞን ከግብጽ ስለወጡ የጥንት ክርስቲያኖች ክታቦች አንድ ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። በሳምንቱ አንድ አንባቢ መልስ ጻፉ። የእነሱስ ቅርስ ነው፣ የእኛ አገር ክታብ ግን ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው የደብተራ ጥንቆላ ስለሆነ ከየቤቱ ተለቅሞ ይቃጠል አሉ። እኚህን ሰው ልቀየማቸው አልችልም። በ1979 ዓ.ም. እኔም እንደሳቸው ነበርኩ። እንዲያውም እሳቸው ቢያንስ መቀስ አልያዙም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከተማችን «አዋሳ» ነበር የምትባለው፤ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ጤና ረዳት ሆኜ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም፤ ነርስ የሆንኩት ኋላ ነው። ነጭ ጋዋኔን በየማታው አጥቤ በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። ዘመኑ የደርግ ነውና «ኋላ ቀር ልማድ» የሚለው ቃል ከአፋችን አይወርድም። ስብሰባ ላይ ይነገራል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማንም አላስገደደንም። እኛ ወጣቶቹ ከልባችን አምነንበት ነበር።

ጥቅምት የወባ ወር ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው በየቦዩ ይቆማል፣ ከዚያ ከሐይቁ ዳር ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አግዳሚ ወንበሩ ስለሚሞላ እናቶች መሬት ላይ ነጠላ አንጥፈው ይጠብቁናል። የልጆቹ አንገት ላይ ክር አለ። ማተብ ነው፤ ከማተቡ ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አይጠፋም። ተርሞሜትር ብብት ሥር ስናስገባ ያስቸግረናል። «አውልቂው» እንላለን። አንዳንዷ ታወልቃለች። አንዳንዷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ እጇ ግን አይንቀሳቀስም።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጣች። እርሻ ልማት የቀን ሥራ የምትሠራ ናት፤ አነጋገሯ የወሎ። ሴት ልጅ ታቅፋለች፣ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅቷ እንደ ምጣድ ትፋጃለች። ክታቡ ከአንገቷ ወርዶ በብብቷ ሥር ዞሮ ታስሯል፤ እንዳይወልቅ ተብሎ የታሰረ ነው። «አውልቂላት» አልኳት። «እባክሽ ዶክተር፣ እሱን ብቻ ተዪልኝ» አለች። ያኔ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነበር። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። መቀሱን ከትሪው አነሳሁና ክሩን ቀጭ አደረግኩት።

ልጅቷ 39 ከ8 ነበራት። ደሟን ወሰድን፣ ክሎሮኪን ሽሮፕ ሰጠናት፣ በእርጥብ ፎጣ አቀዘቀዝናት። ወደ ማታ ላብ በላብ ሆነች፣ ጡት መጥባት ጀመረች። እናቷ ልትሄድ ስትነሳ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ክታቧን ስጪኝ።»

«ጣልኩት» አልኳት።

አልጣልኩትም። ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። የክፍል ኃላፊያችን አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ምናልባት እሱን ፈርቼ ይሆናል። ምናልባትም እልህ ነው። እናትየው አልተቆጣችም። ከነጠላዋ ጥለት ላይ አንዲት ክር መዘዘች፣ ልጅቷ አንገት ላይ አሰረች፣ አዝላት ወጣች። ከዚያ በኋላ ተመልሳ አልመጣችም።

የሌሎችን ልጆች ግን ጥያለሁ። ከጥጥና ከፋሻ ጋር ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ይህ አንዱ ብቻ ከእኔ ጋር ቀረ። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመርፌና ከልብስ ቁልፍ ጋር ኖረ፤ ሁለት ጊዜ ቤት ስቀይር አብሮኝ ዞረ።

አሁን ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። በጥቂት መስመር ያለፋችሁት አንድ ክታብ አለ፤ የዮአንያ። የእህቴ ልጅ ሙሉውን ትርጉም ፈልጎ አመጣልኝ። ግሬንፌልና ሀንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በግብጽ፣ ኦክሲሪንከስ በምትባል ጥንታዊት ከተማ፣ የቆሻሻ ክምር ቆፍረው ካወጧቸው ጽሑፎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ታተመ። የተጻፈው ግን በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ጠባብና ረጅም የፓፒረስ ቁራጭ ነው። ሲገኝ ጥብቅ ተደርጎ ታጥፎ በክር ታስሮ ነበር አሉ። እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። የዮአንያን ክር ማንም አልቆረጠውም።

ጽሑፉ ግሪክኛ ነው። ክፉውን መንፈስ ሽሽ፣ ክርስቶስ ያሳድድሃል ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «የበጎች መጠመቂያ አምላክ ሆይ» ይላል። የትኛው መጠመቂያ እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገረውም። ባለፈው እሑድ ያነበብነው ነው፤ የመጻጉዕ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው። ከዚያ የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ይመጣል፤ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ»። ይህን ካለ በኋላ ወደ ጉዳዩ ይገባል። አናስታስያ የወለደቻትን አገልጋይህን ዮአንያን ጎብኛት፣ ፈውሳት፤ ትኩሳትን ሁሉ ከእሷ አባርር። የትኛውን ትኩሳት? የየዕለቱን፣ የሦስተኛውን ቀን፣ የአራተኛውን ቀን፤ ብርድ ብርድ የሚለውንም ሁሉ።

ወባ ያከመ ሰው ይህን ዝርዝር ያውቀዋል። ቪቫክስ የምንለው ወባ በየአርባ ስምንት ሰዓቱ ይነሳል። ዛሬ የተንቀጠቀጠው ሰው ነገ ደህና መስሎ ይውልና ከነገ ወዲያ ይወድቃል። ዛሬን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ ሦስተኛው ቀን ነው። ማላሪዬ የሚባለው በየሰባ ሁለት ሰዓቱ ነው፤ አራተኛው ቀን። ፋልሲፓረም ሥርዓት የለውም፣ በየቀኑም ሊያነድ ይችላል። እኛ ይህን የተማርነው አስተማሪያችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተራራና ሸለቆ እየሣሉልን ነው። የዮአንያ ጸሐፊ ማይክሮስኮፕ የለው፣ ትንኟን አይጠረጥር። ትኩሳቱን ግን ቀን በቀን ቆጥሮታል። ዮአንያን የያዛት ወባ ነው ብዬ አልምልም፤ ሰውየው ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ዘርዝሮ ይሆናል። ብቻ የታማሚ ስም፣ የእናት ስም፣ የሕመሙ ዓይነት አለ። እኔ ሠላሳ ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጽፍ የኖርኩት ካርድ ላይ ነው። ይህ የዮአንያ ካርድ ነው።

ይህን እያሰብኩ ሌላ ነገር መጣልኝ። «ክታብ» እና «ክትባት» አንድ ሥር ነው ያላቸው፤ ከተበ፣ ጻፈ ማለት ነው። በአንድ እጄ ክታብ ስቆርጥ፣ በሌላ እጄ ልጅ ስከትብ ኖሬያለሁ። ቋንቋችን ያውቀው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

በዚሁ ሰሞን ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ። ክታቡ የክብሪት ቀፎ አያክልም። ቆዳው በቅቤና በላብ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ሲያሸቱት እስካሁን ጭስ ጭስ ይላል፣ ወይም ለእኔ መስሎኝ ይሆናል። በአንድ ጎኑ ስፌቱ ረግቦ የብራናው ጫፍ ብቅ ብሏል። እኔ አልከፈትኩትም፣ ራሱ ነው የተከፈተው። መቀሴ ያረፈበት ቦታ ላይ የክሩ ጫፍ እንደ ቀለም ብሩሽ ተበትኗል።

ግዕዝ ስለማላውቅ የእህቴን ልጅ አስከትዬ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ አይደለም» አሉኝ። «አውቃለሁ መሪጌታ፣ ብቻ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን አወጡ።

ብራናው ሁለት ጣት ስፋት አለው። ሲዘረጋ ከክንዴ ይረዝማል። የአዋቂ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። ይህ የሕፃን ነው። አናቱ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ ተሥሏል፤ ፊቱን ዓይኖቹ ሞልተውታል። ከዚያችው ከኦክሲሪንከስ የወጣ ሌላ ክታብም እንዲሁ ሥዕል አለበት። «የፈውስ ወንጌል» ይላል ርእሱ። ጌታ ደዌን ሁሉ እየፈወሰ እንደዞረ የሚናገረው የማቴዎስ ምዕራፍ 4 ቃል በመስቀል በመስቀል ቅርጽ ተከፋፍሎ ተጽፏል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የሰው ምስል አለ።

የእኛው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ነው፣ ቅዱስ ስም ሲመጣ ቀይ ይሆናል። «በስመ አብ» ብሎ ይጀምራል። መሪጌታ እያነበቡ ሲሄዱ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ። «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል...» ይቺን እኔም አወቅኋት፤ መዝሙር 90 ነው። በግብጾቹ ክታቦች ላይም ከመዝሙር ሁሉ የሚደጋገመው እሱ ነው። ቀጥሎ የጌታ አምስቱ ችንካሮች ስም መጣ፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። የእህቴ ልጅ ፈገግ አለ። እነዚህ አምስት ቃላት መነሻቸው የሮማውያን የፊደል ጨዋታ ነው አለን። ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ቢያነቡት አንድ የሚሆን፣ አምስት በአምስት የሆነ ካሬ። እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ ተጭሮ ተገኝቷል። መሪጌታ ከመነጽራቸው በላይ አዩትና «ታዲያ ሮማውያን አይደሉም እንዴ የቸነከሩት?» አሉ። ልጁ መልስ አጣ።

ከዚያ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት መጣ። ሱስንዮስን ታውቁታላችሁ፤ ልጁን የገደለችበትን ጋኔን ውርዝልያን በፈረስ አሳዶ በጦር የወጋት። ይህ ጸሎት ልጅ ለማይበረክትላት እናት የሚጻፍ ነው። ለሾተላይ። መሪጌታ «ሾተላይ» ሲሉ ክው አልኩ።

ሾተላይ ሲባል ነርስ ሁሉ ምን እንደሚያስብ ልንገራችሁ። የእናትየው የደም ዓይነት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነገር አለ። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ይወለዳል። በዚያው ግን የእናትየው ሰውነት የልጁን ደም እንደ ጠላት ይለምደውና የሚቀጥሉትን ያጠቃል። ይሞታሉ፣ ይጨነግፋሉ፣ ቢጫ ሆነው ይወለዳሉ። ዛሬ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ይሰጣል። እናቶቻችን ሾተላይ ያሉት ሁሉ ይሄ ነው ማለቴ አይደለም። ብቻ ያቺ እናት ከዚህች ልጅ በፊት ልጅ ቀብራ እንደነበር ያኔ ገባኝ። አንድ ይሁን አራት አልጠየቅኋትም። እኔ ካርዷ ላይ ያልጻፍኩት ታሪክ ልጅቷ አንገት ላይ ተጽፎ ነበር።

የልጅቷ የክርስትና ስም ብራናው ላይ አራት ቦታ አለ። «ለአመትከ» ይልና፣ ለአገልጋይህ ማለት ነው፣ ስሟ ይከተላል። በሁለቱ ቦታ ጸሐፊው መጀመሪያ ባዶ ትቶ ኋላ የሞላው ይመስላል፤ ቦታው ጠቦት ፊደሎቹ ተደራርበዋል።

አንባቢው ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች ያሉት ልክ ነው። ያውም ዛሬ አልተጀመረም። በአራተኛው መቶ ዓመት የተደረገው የሎዶቅያ ጉባኤ በ36ኛው ቀኖናው ካህናት ክታብ እንዳይሠሩ ከልክሏል። የሚሠራ ካህን ባይኖር ማን ይከለክል ነበር? ዮሐንስ አፈወርቅም በዘመኑ ሴቶችና ሕፃናት ወንጌል አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንደሚዞሩ ይናገራል። የእሱ ምክር ቃሉን በልባችሁ ጻፉት ነው። የእኔ መሪጌታም ይህንኑ ነው ያሉኝ። እኔም ክታብ እሰሩ ልል አይደለም የተነሳሁት። ትኩሳት የያዘው ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ዛሬ ነገ አይባልም። ወባ ከሐዋሳ አልወጣችም። «የእነሱ ቅርስ፣ የእኛ ጥንቆላ» የሚለው ግን አልዋጥልሽ ብሎኛል። የእነሱም ቢሆን ያን ያህል የተከበረ ነገር አልነበረም። ማንቸስተር፣ ጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ያለው አንዱ፣ ስለ መናና ስለ ጌታ እራት የሚናገር ክታብ፣ የተጻፈው በአሮጌ የእህል ግብር ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው።

የወንድሜ ሚስት ጴንጤ ናት። እንዋደዳለን። ቆርቆሮውን ስታይ «እትዬ፣ በጌታ፣ ይሄን ነገር ከቤት አውጪው» አለችኝ። የጀርመኑን፣ የፍራንክፈርቱን ክታብ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያ በሚገኝ የሮማውያን ዘመን መቃብር ውስጥ፣ አንድ ሰው አገጭ ሥር፣ 3.5 ሴንቲ ሜትር የምታህል የብር ክታብ ተገኘች። በውስጧ የተጠቀለለ ስስ ብር አለ፤ በእጅ ልዘርጋህ ቢሉት ይሰባበራል። ስለዚህ ሲቲ ስካን አነሱትና በኮምፒውተር ዘረጉት። (እዚህ ሲቲ ስካን ለሰውም ወረፋ ነው።) ያነበቡትን ይፋ ያደረጉት በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ230 እስከ 270 ባለው ጊዜ የተቀበረ፣ 18 መስመር የላቲን ጽሑፍ። ወደ መጨረሻው ላይ በኢየሱስ ስም ጉልበት ሁሉ ይንበርከክ የሚለው የፊልጵስዩስ ቃል አለ። ይህ ጥቅስ እሷ ሳሎን ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሱ እኮ ብር ነው» አለችኝ። ሳቃችን መጣ።

ከመቃጠሉ ይልቅ እኔን የሚያበሳጨኝ ሽያጩ ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጡት አንዱ ጋ፣ ከቆዳው ወጥቶ በመስታወት የታሰረ ክታብ አየሁ። «ለአመትከ» የሚለው አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቦታ በምላጭ ተፍቆ ብራናው ሻክሯል። «ምነው ልጄ፣ ይሄ ምን ሆነ?» አልኩት። «ንጹሕ እንዲሆን ነው እናቴ» አለኝ። ንጹሕ! የታማሚውን ስም ከካርዱ ላይ ፍቆ ካርዱን መሸጥ።

እንግዲህ የጻፍኩበት ጉዳይ ሁለት ነው። አንዱ በየጤና ጣቢያው ለምትሠሩ ልጆቼ ነው። ክሩ ካስቸገራችሁ ፍቱት፤ መቀስ አታንሱ። የፈታችሁትንም ለእናትየው በእጇ ስጧት።

ሁለተኛው ለአንዲት ሴት ነው። ዛሬ ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ አካባቢ ይሆናል። እናቷ ወሎዬ ናት፤ በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እዚህ እርሻ ልማት ትሠራ ነበር። ልጅቷ ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ መጥታ ክታቧ በመቀስ ተቆረጠ። ምናልባት እናቷ ይህን ነግራት ይሆናል፤ «አንዲት ክፉ ነርስ» ብላ። ክታቡ እኔ ዘንድ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኛ። እንደ መጻጉዕ። አውቃ አመቻቸችው እንዳትሉኝ፣ ራሳችሁ ቁጠሩት።

የክርስትና ስሟን እዚህ አልጽፍም። ከጻፍኩት ማንም ተነስቶ እኔ ነኝ ሊል ይችላል። ስሟን እሷ ትንገረኝ። እናቷ በሕይወት ካለች ግን ስም አልጠይቃትም፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። ቆዳውን አላሰፋሁትም፣ ክሩንም አልቀጠልኩትም። እንደቆረጥኩት ነው።

ጡረታ የወጣች ነርስ
ሐዋሳ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.